ከብቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ካሳ



ሰሞኑን አንድ ወንድማችን «መንግሥት ለላም ሳይቀር ካሳ ይከፍላል፤ ለኛስ ማን ይከፍለናል?» ሲል ሰማሁ። ብሶቱ ይገባኛል። ግን የከብትን ነገር ከኛ በላይ ማን ያውቃል?

አባቶቻችን ስለ ክፉ ቀን ነግረውናል። እንደ ፈረንጆች ከ1888 እስከ 1892 በነበረው በዚያ ዘመን መጀመሪያ ያለቀው ከብቱ ነው። በምጽዋ በኩል የገባው «ደስታ» የሚባለው በሽታ በሬውን ጨረሰው። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፣ ረሃብ ገባ። ከቤተ እስራኤልም ብዙ ሰው አለቀ፤ የተረፈውም ከመንደሩ ተበተነ። ያኔ ለሞተ በሬ ምትክ የሚሰጥ ሕግ አልነበረም።

እዚህ አገር ግን ሕግ አለ። በ1961 በወጣው የማስ ረኹሽና የካሳ ፈንድ ሕግ መሠረት፣ በጦርነት ለደረሰ ጉዳት መንግሥት ይከፍላል። (የተፈጥሮ አደጋ ሲሆን መንገዱ ሌላ ነው፤ ካናት በሚባለው የግብርና መድን በኩል ነው።) ችግሩ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው።

ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በጋዛ ዙሪያ ባሉ ኪቡጾች የሆነውን አስታውሱ። ከታይላንድ የመጡ የእርሻ ሠራተኞችና ከኔፓል የመጡ የግብርና ተማሪዎች ሳይቀሩ ተገደሉ። ነዋሪው አካባቢውን ለቆ ወጣ። ላም ደግሞ ጦርነት መጣ ብላ ወተቷን አትይዝም። እዚህ አገር በቀን ሦስት ጊዜ የምትታለብ ላም ሳትታለብ ከዋለች ጡቷ ያብጣል፣ ይታመማል። ሮኬት የገደላትን ላም መቁጠር ቀላል ነው። በሕይወት ተርፋ ወተቷ የቀነሰውንስ? ዛሬ የተወለደች ጥጃ እኮ ወልዳ እስክትታለብ ሁለት ዓመት ያህል ትፈጃለች። እስከዚያ ድረስ የመኖ ዕዳ አይጠብቅም።

ስለዚህ የኔ አስተያየት ይህ ነው። አንደኛ፣ ከካሳው ከፊሉ ቶሎ ይከፈል፤ ማጣራቱ ከዚያ በኋላ ይቀጥል። ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ስለሆነ ማጣራት ተገቢ ነው፤ ግን ማጣራት ማለት ማዘግየት መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ የላሟ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቀረው ወተትም በአግባቡ ይታሰብ። ሦስተኛ፣ ጠበቃና ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር ለማይችለው ለትንሹ በግና ፍየል አርቢ፣ ፎርም አብሮት የሚሞላ ሰው ይመደብለት። በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ፎርም ይዞ ቢሮ በር ላይ መቆም ምን እንደሆነ እኛ ደርሶብን አይተነዋል።

ለዚያ ወንድሜም አንድ ነገር ልበለው። የላሟ ካሳ የኛን ድርሻ አይቀንስም። መንግሥት ለተጎዳ ሰው በጊዜው መድረስን ከለመደ፣ ነገ እኛም «ድረሱልን» ስንል የምንይዘው ነገር ይኖረናል። ከብቱ ካለቀ በኋላ ዝናብ ቢዘንብ፣ የበቀለውን ሣር ማን ይግጠዋል?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ከብት አርብታችሁ ያደጋችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሐሳባችሁን አካፍሉን።