በጎረቤትና በገበሬ መካከል፦ የፖላንድ መሪ የምርጫ ሰሞን አጣብቂኝ

ፖላንድ ጥቅምት 4 ቀን 2016 ዓ.ም ጠቅላላ ምርጫ ባካሄደችበት ሰሞን የሀገሪቱን የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ክፉኛ የፈተነው ሚሳኤልም ወታደራዊ ቃል ኪዳንም አልነበረም፤ ስንዴ ነበር። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማቴዎሽ ሞራቪዬትስኪ በአንድ ወገን ከሩሲያ ጋር የሞት ሽረት ትግል የገጠመችው ጎረቤታቸው ዩክሬን፣ በሌላ ወገን ለሥልጣን ያበቃቸው የገጠር መራጭ ነበሩባቸው። ሁለቱን ማስታረቅ አቃታቸው። ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ይሁን እንጂ እህል አምርቶ ለሚሸጥም ሆነ ከገበያ ሸምቶ ለሚበላ ሰው እንግዳ አይሆንም።

የነገሩ ሥር ያለው ጦርነቱ ውስጥ ነው። ሩሲያ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም በዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ስትከፍት የጥቁር ባሕር ወደቦች ተዘጉ። ዩክሬን እህሏን በአብዛኛው የምትልከው በመርከብ ስለነበር ምርቷ በመጋዘን ታፍኖ ቀረ። የአውሮፓ ኅብረት ቀረጥና ኮታ አንሥቶ የየብስ መንገዶችን ከፈተላት፤ ስንዴውና በቆሎው ፖላንድን አቋርጦ ወደ ባልቲክ ባሕር ወደቦች፣ ከዚያም ወደ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ እንዲሻገር ታሰበ።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ሆኖም የዩክሬን ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1,520 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፖላንድ ግን 1,435 ነው። የሁለቱ ሀገራት ፉርጎ በአንድ ሐዲድ ስለማይሄድ እህሉ ድንበር ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ አለበት፤ ይህም ጊዜና ገንዘብ ይበላል። የፖላንድ ወደቦች ደግሞ በዚያው ዓመት የሩሲያን የድንጋይ ከሰል ለመተካት ከባሕር ማዶ በሚገባ ከሰል ተጨናንቀው ነበር። ነጋዴው አስልቶ ያየው ነገር ቀላል ነው፦ እህሉን ድንበር ላይ በርካሽ ገዝቶ እዚያው ፖላንድ ውስጥ መሸጥ እስከ ወደብ ከማጓጓዝ ይበልጥ ያዋጣል። ለአፍሪካ የታሰበው እህል ስለዚህ በፖላንድ ገበሬ ደጃፍ ተራገፈ።

ገበሬውን ይበልጥ ያንገበገበው ግን የራሱ መንግሥት ምክር ነው። ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት የግብርና ሚኒስትሩ ሄንሪክ ኮቫልችክ ዋጋ አይወርድምና ምርታችሁን ለመሸጥ አትቸኩሉ ብለው ነበር። ያመናቸው ገበሬ እህሉን በጎተራው አቆየ። ዋጋው ወረደ፤ ማዳበሪያውን ግን የገዛው በተፈጥሮ ጋዝ መወደድ ምክንያት ዋጋው ሰማይ በነካበት ወቅት ነው። በውድ ዘርቶ በርካሽ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ለገጠር አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ሚኒስትሩ መጋቢት 27 ቀን 2015 ዓ.ም ከሥልጣን ለቀቁ፤ ዕለቱ የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ቮሎድሚር ዜለንስኪ ዋርሶን የጎበኙበት ቀን መሆኑ የአጣብቂኙን ሁለት ገጽ በአንድ ቀን አሳየ።

ፖላንድ ለዩክሬን ያደረገችው ቀላል አልነበረም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስደተኞች ድንበሯን ተሻግረዋል፤ ታንክና ሚግ-29 ተዋጊ አውሮፕላን ሰጥታለች፤ ከምዕራባውያን የሚላከው የጦር መሣሪያም በአመዛኙ የሚያልፈው በዜሹፍ ከተማ በኩል ነው። ሩሲያን በታሪኳ አጥብቃ የምትፈራ ሀገር እንደመሆኗ የዩክሬን መውደቅ ለራሷ ሥጋት ነው። ገዥው ሕግና ፍትሕ ፓርቲ ግን የተተከለው በገጠር፣ በተለይም ዩክሬንን በሚያዋስነው ምሥራቁ ክፍል ነበር። በቀኙ በኩል ደግሞ ኮንፌዴራሲያ የተባለው ስብስብ ለዩክሬን የሚሰጠው እርዳታ በዝቷል እያለ ቅር የተሰኙትን መራጮች ያማልል ነበር። ሦስተኛው ማነቆ ብራስልስ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት አባላት የውጭ ንግድ ፖሊሲ የጋራ በመሆኑ አንድ አባል ሀገር ብቻውን በር የመዝጋት ሥልጣን የለውም።

ሞራቪዬትስኪ የምርጫውን መቃረብ አይተው ወሰኑ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም መንግሥታቸው የዩክሬን እህል ወደ ሀገር እንዳይገባ ከለከለ። የአውሮፓ ኅብረት ተቃወመ፤ ቆይቶ ግን ለፖላንድና ለሌሎች አራት አባል ሀገራት በስንዴ፣ በበቆሎ፣ በጎመን ዘርና በሱፍ አበባ ላይ ጊዜያዊ ገደብ ፈቀደ። እህሉ ማለፍ እንጂ መራገፍ አይችልም ተባለ። ገደቡ መስከረም 4 ቀን 2016 ዓ.ም ሲያበቃ ኅብረቱ አላራዘመውም፤ ለምርጫው ልክ አንድ ወር የቀረው የፖላንድ መንግሥት ከሀንጋሪና ከስሎቫኪያ ጋር በራሱ ውሳኔ ቀጠለበት። ዩክሬን በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰች። ዜለንስኪ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ አንዳንድ የአውሮፓ ሀገራት በእህል ጉዳይ የሚሠሩት ድራማ ሞስኮን የሚጠቅም ነው ሲሉ፣ የፖላንዱ ፕሬዚዳንት አንድሬይ ዱዳ ዩክሬንን እየሰመጠ አዳኙን ይዞ ሊጠልቅ ከሚችል ሰው ጋር አመሳሰሉ። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርበው ፖላንድ ራሷን እያስታጠቀች በመሆኑ ለዩክሬን መሣሪያ ማስተላለፍ አቁማለች አሉ። ዱዳ ንግግሩ አዲስ የሚገዙትን መሣሪያዎች የሚመለከት ነው ብለው ለማለሳለስ ሞከሩ፤ ቃሉ ግን አንዴ ከአፍ ወጥቷል።

የዚህ ሁሉ ዳፋ እስከ አፍሪካ ቀንድ ይደርስ ነበር። በተባበሩት መንግሥታትና በቱርክ አደራዳሪነት በሐምሌ 2014 ዓ.ም የተፈረመው የጥቁር ባሕር ስምምነት መንገድ ሲከፍት፣ ብሬቭ ኮማንደር የተባለችው መርከብ በነሐሴ ወር 23,000 ቶን የእርዳታ ስንዴ ለኢትዮጵያ ይዛ ወደ ጂቡቲ አቅንታለች። ሩሲያ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም ከስምምነቱ ስትወጣ የየብሱ መስመር ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። ፖላንድ ድንበሯን ለሽያጭ ያጠበቀችው በዚህ ሰዓት ነው፤ ማለፊያውን ክፍት ማድረጓ ግን ሊመሰገን ይገባል።

ሞራቪዬትስኪ የገበሬውን ጩኸት መስማታቸው አያስነቅፍም፤ ብሶቱ እውነተኛ ነበር። የሚያስነቅፈው የሰሙበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እህሉ ከድንበር እስከ ወደብ ታሽጎ መድረሱን የሚቆጣጠር ሥርዓት ቢዘረጉ ኖሮ እገዳ ላያስፈልግ ይችል ነበር፤ ኋላ ላይ የታሸገ ጭነትን መከታተል መጀመራቸው ሥራው የሚቻል እንደነበር ያሳያል። ከዚህም በላይ የስንዴ ዋጋ በ2015 ዓ.ም የወረደው በዓለም ገበያ ሁሉ በመሆኑ፣ አንድን ድንበር መዝጋት የገበሬውን ዋጋ ወደ ቀድሞው ሊመልስ አይችልም ነበር፤ አልመለሰምም። የመሣሪያው ንግግር ደግሞ ለአንድም ገበሬ አንድ ኩንታል አልሸጠለትም። የገበያን ጥያቄ ከጸጥታ ጉዳይ ጋር መቀላቀሉ ደስ ሊያሰኝ የሚችለው ሞስኮን ብቻ ነበር።

በምርጫው ዕለት ከ74 በመቶ በላይ የሚሆነው መራጭ ድምፅ ሰጠ። ሕግና ፍትሕ ፓርቲ 35.4 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ ከ460 የምክር ቤት መቀመጫዎች የያዘው ግን 194 ብቻ በመሆኑ መንግሥት ለመመሥረት አልበቃም። ከገበሬው አብዛኛው ለገዥው ፓርቲ ታምኗል፤ ምርጫውን የወሰኑት ግን በብዛት የወጡት የከተማ ነዋሪዎችና ወጣቶች ናቸው። ኮንፌዴራሲያም ከተፈራው በታች 7.2 በመቶ ይዞ ቀረ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም ሥልጣን የያዙት ዶናልድ ቱስክ የብራስልስም የኪየቭም ወዳጅ ሆነው ሳሉ እገዳውን አላነሡም። በዚያው ዓመት የካቲት ገበሬዎች በትራክተር የድንበር ማለፊያዎችን ዘጉ፤ ከዩክሬን የመጣ እህል ከፉርጎ እየተዘረገፈ ሐዲድ ላይ ፈሰሰ። የአውሮፓ ኅብረትና ዩክሬን በግብርና ምርት ኮታ ላይ ተደራድረው በ2018 ዓ.ም ጥቅምት አዲስ የንግድ ውል በሥራ ላይ ሲያውሉም ዋርሶ እገዳዋን እንደያዘች ቀጠለች። ቀጣዩ የፖላንድ የምክር ቤት ምርጫ በ2020 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት ይጠበቃል።