ከመቶ በላይ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ አንድ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ለወሩ ግምገማ ጠርቶኝ ነበር። ቡድን መሪዎቹ በየተራ ሪፖርት አቀረቡ። የሕፃናት ክትባት አፈጻጸም ከመቶ በላይ ሲባል አዳራሹ አጨበጨበ። ከተወለዱት በላይ ማን እንደተከተበ የጠየቀ የለም።

በሻይ ሰዓት አንዱን ቡድን መሪ ያዝኩት። «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «እቅዱ ከላይ ወረደ። የሕፃናቱም ቁጥር ከላይ ወረደ። እኔ የጨመርኩት ፊርማዬን ነው።»

እውነቱን ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የየወረዳው ሕዝብ በስሌት ብቻ ያድጋል፤ ከደጋው ወርዶ አዘዞ ቤት የተከራየውን ስሌቱ አያውቀውም። ስለዚህ አንዱ ቡድን መሪ በሌላ ወረዳ ልጆች ይሸለማል፣ ሌላው በሌሉ ልጆች ይገሠጻል።

ከውጤት ተኮር የሥራ ምዘና ጋር ጠብ አለኝ። መሥሪያ ቤቶችን ሊለውጡ ተብለው ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ ካይዘንና የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም አልቀሩም። ሁሉም ከነአበላቸው መጥተው ከነሠንጠረዣቸው ግድግዳ ላይ ቀሩ። አሠልጣኞቹ ግን ዛሬም «መካከለኛ አመራሩ መለካት አይወድም፣ አመለካከቱ ይቀየር» ይላሉ። ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ስሙ አዳራሽ ውስጥ የሚነሣበት ሰው ምኑን ይውደደው?

የሚሠራ ነገር ጠፍቶም አይደለም። በጤና ጣቢያ የአፈጻጸም ክትትል ቡድን በየወሩ ይቀመጣል፤ የሪፖርቱ ወር ከ21 እስከ ቀጣዩ 20 ነው፤ ቁጥሩም ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ከምር ሲቀመጡ፣ ለመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል መጥተው ለአራተኛው የቀሩት እናቶች ከየትኛው ቀበሌ እንደሆኑ ይታወቃል፤ ያስቀራቸው መንገዱ ነው ወይስ ባለሙያው ይባላል። ካልሆነ ያለፈው ወር ቃለ ጉባኤ ቀኑ ተቀይሮ ይፈረማል።

ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት ይመዘግባል። መቁጠር ይቻላል ማለት ነው፣ በዚያ ብርድና በዚያ ዳገት።

ያ ቡድን መሪ ስንለያይ ከቦርሳው አንድ የተጎሳቆለ ደብተር አወጣ። በየቀበሌው የቀሩ ልጆች፣ የተበላሸው የክትባት ፍሪጅ፣ ደጋግሞ የሚቀረው ሠራተኛ፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፉ ሰፍሯል። «ይኼን ለምን አታቀርብም?» ስለው «ለማን?» ብሎ ሳቀ።

ይኼን ሰው ነው እንግዲህ በሚመጣው ሳምንት በአፈጻጸም ልኬት ላይ ሊያሠለጥኑት የጠሩት።