“ቦብ” አይደለም፣ ሮቤርቶ ነው

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስለ ቤዝቦል የማውቀው ነገር አልነበረም። ዱላና ኳስ ያለው ጨዋታ ሲባል ትዝ የሚለኝ በልጅነቴ የሞከርኩት የገና ጨዋታ ነው፤ እሱንም ቅልጥሜን ተመትቼ ተውኩት። ታዲያ ዛሬ ስለ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች ልጽፍ ብዕር ያነሳሁት ምን ነክቶኝ ነው? ጉዳዩ የሙያችን ጉዳይ ስለሆነ ነው። ይህን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ማውጣት አለብኝ።

ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር ጽሑፍ ኮርስ አንድ ሰው አነጋግረን እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔ የመረጥኩት የሌሊት ጥበቃ የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። “እሱ” በሚባልበት ቦታ “እሷ” ይላሉ፣ አንዳንዱን ፊደል ደግሞ ያላሉታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። እኔም ጎበዝ ነኝና እያንዳንዷን ስህተት ሳልጥል በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገባኋት። ክፍል ውስጥ ሲነበብ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጥሩ ማርክም አገኘሁ።

ደስ ብሎኝ ጽሑፉን አሳትሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ አጥፈው መለሱልኝና፣

“ልጄ፣ የጠየቅኸኝ ሥራዬን ነው ወይስ አፌን?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ እኔ እኮ ያሉትን ነው የጻፍኩት” አልኳቸው።

“ያልኩትንማ ጽፈሃል። ግን ያቺን የታመመች ተማሪ በሌሊት ተሸክሜ ክሊኒክ ያደረስኳትን ነገር፣ ይህን ያነበበ ሰው ይስቅበታል እንጂ ያምነዋል?”

(ዛሬ የጻፍኩት ምን እንዳሉ ነው፣ እንዴት እንዳሉት አይደለም። ልዩነቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።)

የምመልሰው ጠፋኝ። ነገሩን ለመምህራችን ስነግራቸው ብዙም አልተቆጡኝም። “ሂድና ስለ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ አንብብ” ብቻ አሉኝ። አነበብኩ። አንብቤም አፈርኩ።

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስተዋውቀው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮቤርቶ ክሌሜንቴ በ1934 ፑዌርቶ ሪኮ ውስጥ ካሮሊና በምትባል ከተማ ተወለደ። ፑዌርቶ ሪኮ በአሜሪካ ሥር ያለች፣ ሕዝቧ ግን ስፓኒሽ የሚናገር ደሴት ናት። አባቱ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ የሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ልጁ በ1955 ለፒትስበርግ ፓይሬትስ ቡድን መጫወት ጀመረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ ቡድን አልወጣም። 18 የውድድር ዘመን፣ 2,433 ጨዋታ!

ቦታው በቀኝ በኩል ያለው የውጭ ሜዳ ነው። ቤዝቦል ላይ መቺው ኳሷን በዱላ ሲያጎናት ከሜዳው ዳር ሆነው የሚያሳድዷት ሦስት ተከላካዮች አሉ። ከእነሱ አንዱ ነበር። ከሩቅ ወርውሮ የሚሮጠውን ሰው ማስቀረት ይችላል፤ ክንዱን የሚፈሩት ብዙ ነበሩ። በመከላከል ብቃት የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት ከ1961 እስከ 1972 ድረስ ለ12 ተከታታይ ዓመታት ወስዷል። በመምታትም የሊጉ አንደኛ የሆነው አራት ጊዜ ነው፤ በ1961፣ በ1964፣ በ1965 እና በ1967። በ1966 ደግሞ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል።

እንዲህ ያለ ሰው ጋዜጣ ላይ እንዴት ይጻፋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

አንደኛ፣ ስሙን ቀየሩት። ሮቤርቶ ለአፋቸው ስላልጣማቸው “ቦብ” አሉት። ዘጋቢዎች “ቦብ” ብለው ጻፉ፤ ሕጻናት በሚሰበስቧቸው የተጫዋቾች ካርዶች ላይም “ቦብ ክሌሜንቴ” እየተባለ ለዓመታት ታተመ። እሱ ግን “ስሜ ሮቤርቶ ነው” ማለቱን አልተወም።

ሁለተኛ፣ አነጋገሩን መሳቂያ አደረጉት። በ1961 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተደረገው የኮከቦች ጨዋታ፣ በተጨማሪው በአሥረኛው ዙር ላይ ቡድኑን ለድል ያበቃችውን ኳስ የመታት እሱ ነው። የኮከቦች ኮከብ ሆነ ማለት ነው። በማግስቱ ጋዜጦች ቃሉን ሲያትሙ ግን “ሂት” የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል፣ እሱ ድምጿን ሳብ አድርጎ ስለተናገራት፣ ሆሄዋን ሰብረው በትልቁ አወጧት። ለነገሩ እኔም ስናገራት እንደ እሱ ነው የምስባት! ስለዚህ ያንን ባነበብኩ ጊዜ የተሳቀው በእኔም ላይ መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ ጥበቃው ትዝ አሉኝ፤ እዚያ ላይ ሳቂው እኔ ነበርኩ።

ሦስተኛው ይብሳል። እኛ አገር “እንዴት ነህ?” ሲባል የታመመም ቢሆን “እግዚአብሔር ይመስገን” ነው የሚለው። ክሌሜንቴ እንዲህ አያውቅም። ከጠየቁት እውነቱን ይናገራል፤ ጀርባዬን አሞኛል፣ አንገቴን ይዞኛል ይላል። በ1954 አንድ የሰከረ ሹፌር መኪናውን ገጭቶበት ጀርባው ተጎድቶ ነበር። ዘጋቢዎቹ ግን “በሽታ ፈጣሪ”፣ “አልቃሻ” አሉት። እስኪ ይታያችሁ፣ 2,433 ጨዋታ የተጫወተ አልቃሻ! ይህ ስም የወጣለት በስንፍናው ነው እንዳንል ቁጥሩ አይፈቅድም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሰውን በመጀመሪያ በተሰበረ ቋንቋ እየጻፍክ ለአንባቢ ካቀረብከው፣ በኋላ የሚናገረው እውነት ሁሉ ቀልድ ይሆናል። ጋሼም ያሉኝ ይህንኑ ነበር።

ዘመኑንም መርሳት የለብንም። ክሌሜንቴ ጥቁርም ነበር፣ ባዕድ ቋንቋ ተናጋሪም ነበር። በፍሎሪዳ የዝግጅት ጊዜ ነጭ ጓደኞቹ ሬስቶራንት ገብተው ሲበሉ ጥቁሮቹ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለው ምግብ እስኪወጣላቸው ይጠብቁ ነበር። ጋዜጣው ያንን ነገር የፈጠረው አይደለም። ሆሄ በመስበር ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አገዘው።

እዚህ ላይ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ የሚያነሱት ጥያቄ አለ። “ጋዜጠኛ ያልተባለ ነገር መጻፍ የለበትም፤ የተባለውን እንደተባለ ማቅረብ ታማኝነት አይደለም ወይ?” ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኔም ያንኑ ሰበብ ይዤ ነበር። መልሴ ግን ይኸው። የፒትስበርግ ሰዎች ራሳቸው ከሌላው አሜሪካዊ የሚለይ አነጋገር አላቸው። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ግን እነሱ የሚናገሩት በተስተካከለ እንግሊዝኛ ነበር። እኔስ ብሆን? ዲናችን ንግግር ሲያደርጉ ስንት “እ…እ…” እና ያላለቀ ዓረፍተ ነገር አለ? አቃንተን አይደለም እንዴ የምንጽፍላቸው? ታዲያ የአለቃውን ንግግር አቃንቶ፣ የጥበቃውን እንደወረደ መጻፍ ታማኝነት ነው? ታማኝነት ቢሆን ኖሮ ለሁሉም እኩል ይሆን ነበር። ይህ ምርጫ ነው፤ ምርጫው ደግሞ ማን ይከበር፣ ማን ይሳቅበት የሚል ነው።

ሁሉም ዘጋቢ ክፉ ነበር ለማለት አይደለም። ብዙዎቹ ስፓኒሽ አያውቁም፣ ጽሑፍ የማስረከቢያ ሰዓት ያጣድፋቸዋል፣ አለቃቸው የሚያስቅ ጥቅስ ይፈልጋል። ክሌሜንቴም ቢሆን ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነበር ይባላል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን እኔም ያን ጽሑፍ ስጽፍ ክፉ አልነበርኩም፤ ማርክ ፈልጌ ነው። ጉዳቱ ግን ያው ነው።

የሚገርመው ያው ሰው በራሱ አንደበት ሲናገር የታየው ነገር ነው። በ1971 ፓይሬትስ ለታላቁ ዋንጫ ከባልቲሞር ኦርዮልስ ጋር ተገናኘ። ሰባት ጨዋታ ተደረገ። ክሌሜንቴ ከ29 ሙከራ 12ቱን መታ። ከአሥር ሦስቱ ከተሳካ ጎበዝ በሚባልበት ጨዋታ ይህ ጉድ ነው። በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ኳሷን ከአጥር ውጭ ሰደዳት፣ ቡድኑም 2 ለ 1 አሸነፈ። የፍጻሜው ኮከብ እሱ ሆነ። ቴሌቪዥን ፊት ሲያቀርቡት ከእንግሊዝኛው በፊት በስፓኒሽ አንድ ነገር ልናገር ብሎ ጠየቀ። ከዚያም ወላጆቹን ቡራኬ ለመናቸው፣ ልጆቹንም ባረካቸው። በቃ፣ “እማዬ፣ አባዬ፣ መርቁኝ” ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ስፓኒሽ ማወቅ ያስፈልጋል? ለአሥራ ስድስት ዓመት በሰባራ ሆሄ ሲያነቡት የኖሩ ሰዎች ያን ቀን ሙሉ ሰው አዩ።

በ1972 መስከረም ላይ የሆነው ደግሞ ለጋዜጠኛ ትምህርት ነው። ያኔ ክሌሜንቴ 3,000ኛውን ሂት ለማግኘት አንድ ብቻ ቀርቶት ነበር። መስከረም 29 መታ፤ ኳሷ የተከላካዩን ጓንት ነክታ አለፈች። የዕለቱ መዝጋቢ ግን “የተከላካዩ ስህተት ነው፣ አይቆጠርም” ብሎ ወሰነ። በዚያ ዘመን መዝጋቢዎቹ እነማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ? የጋዜጣ ዘጋቢዎች! ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን በጣም ተናደደ። ሲጽፉብህ ከኖሩ ሰዎች የሚመጣ ፍርድ፣ ልክ ቢሆንም እንኳ ልክ አይመስልም። እምነት አንዴ ከጠፋ እንዲህ ነው። በማግስቱ ማንም የማይከራከርበትን መታና 3,000 ሞላ። በመደበኛው ውድድር ከዚያ በኋላ ሌላ አልመታም።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን የኒካራጓን ዋና ከተማ ማናጓን የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ክሌሜንቴ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የፑዌርቶ ሪኮን አማተር ቡድን ይዞ እዚያ ነበር። እርዳታ አሰባስቦ ላከ። የላከው እርዳታ በሶሞዛ ወታደሮች እየተወሰደ ነው የሚል ወሬ ሲደርሰው ራሴ ይዤ እሄዳለሁ አለ። ታኅሣሥ 31 ማታ ከሳን ሁዋን የተነሳው አሮጌ አውሮፕላን ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነበር። ወዲያው ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከተሳፈሩት አምስት ሰዎች የተረፈ የለም። የክሌሜንቴ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም። 38 ዓመቱ ነበር።

ከዚያማ ሁሉም አመሰገነው። አንድ ተጫዋች ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ለመግባት አምስት ዓመት መጠበቅ ነበረበት፤ ለእሱ ሲባል ደንቡ ተነሳ። በ1973 ድምፅ ከሰጡት 424 የቤዝቦል ጋዜጠኞች 393ቱ “ይግባ” አሉ። ከላቲን አሜሪካ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ሆነ። ታዲያ በነሐስ ሰሌዳው ላይ ምን ቢጽፉ ጥሩ ነው? “ሮቤርቶ ዎከር ክሌሜንቴ”! በስፓኒሽ ልማድ የአባት ስም ይቀድማል፣ የእናት ይከተላል። ስለዚህ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ዎከር ነው መባል ያለበት። ሲያከብሩትም ሳይጠይቁ አከበሩት። ሰሌዳው የታረመው በ2000 ነው፤ ከ27 ዓመት በኋላ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲያሸንፍ የውጭ ጋዜጠኞች “ገብረሥላሴ አሸነፈ” ብለው ሲጽፉ እንስቃለን፤ የሮጠው እኮ ልጁ ነው፣ አባቱ አይደሉም። የእኛ አትሌቶች በውጭ አገር መግለጫ ላይ በባዕድ ቋንቋ ሲቸገሩ የሚያፌዝ ሰው ካለ ደማችን ይፈላል። ደግ ነው፣ ይፍላ። ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ሰው በሬዲዮ ድራማና በቀልድ ስናላግጥበት የፈላ ደም አላየሁም።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ስናነጋግር መጀመሪያ ስሙን ራሱ እንዲጽፍልን ወይም ፊደል በፊደል እንዲነግረን እንጠይቅ። ንግግሩን ስናቃና ሐሳቡን አንንካ፤ የምናቃና ከሆነም ለሁሉም እኩል እናቃና። አነጋገሩ ራሱ የታሪኩ አካል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያኔ አስፈቅደን እንጻፍ። ሰውየው በራሱ ቋንቋ መናገር ከፈለገም አስተርጓሚ እንፈልግ። ይህ ወጪ የለውም፣ ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው።

እኔም ጽሑፌን እንደ አዲስ ጽፌ በድጋሚ ወደ ጥበቃው ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ። ያቺ ሌሊት ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እፎይ ልል ስል እስክሪብቶ አምጣ አሉኝ። ለካ የአባታቸውን ስም ወደ አማርኛ አመቻችቼ በሌላ ፊደል ጽፌዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ! በእጃቸው አርመው ሰጡኝ።

የታረመውን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ። ቸር እንሰንብት።