በግ ሳይሸጡ መታከም

በመንዝ፣ በዘመሮ ገበያ በግ ጎትቶ የመጣ ሁሉ ወዶ ሊሸጥ የመጣ አይደለም። ወዶ የሚሸጥ ሰው ሙክቱን አብልቶ፣ የበዓል ዋዜማ ጠብቆ ይመጣል። ገዢው ላቱን ሲመዝን፣ ወገቡን ሲጨብጥ ዝም ብሎ ያያል፤ ዋጋው ካልጣመው በጉን መልሶ ይነዳል። ቤቱ በሽተኛ አስተኝቶ የመጣ ሰው ግን መመለስ አይችልም። ነጋዴውም ከሩቁ ይለየዋል። ገና ከተማ ሳይገባ መንገድ ላይ ያስቆመዋል፣ ዝቅ ያለ ዋጋ ይጠራለታል፣ ሰውዬውም ብዙ ሳይከራከር ይቀበላል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። በእነዚያ 55 ቀናት ሥጋ የሚበላ ስለሚጠፋ የበግ ዋጋ ይወድቃል፤ ሕመም ግን ፋሲካን አይጠብቅም።

ስለ ገጠሩ ጤና ስንነጋገር የምንጀምረው ከጤና ጣቢያው ግንብ ነው፤ ስለ ገጠሩ ኑሮ ስንነጋገር ደግሞ ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር። ሁለት መሥሪያ ቤት ስለያዛቸው የተለያዩ ይመስሉናል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ገበሬ ቤት ግን ሁለቱ አንድ ሒሳብ ናቸው፤ ሒሳቡም ሲጎድል የሚሞላው በበግ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የመጣው ይህን ለማስቀረት ነበር። እኔ የምለው፣ መድኑ የገባውን ቃል መጠበቅ የሚችለው አገሬው እድሩን በሚያስተዳድርበት ሥርዓት ለአባላቱ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ነው።

ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። ደጋው ገብስና ባቄላ ያበቅላል፤ ነገር ግን ውርጭ አለ፣ በረዶ አለ፣ የበልጉም ዝናብ እንደ ድሮው አይታመንም። በልግ ከቀረ ክረምቱን የሚያሻግረው እህል አብሮ ይቀራል። የመንዝ ወረዳዎች በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጋር ለዓመታት የኖሩት ስለዚህ ነው። እህሉ ሲከዳ የሚደርሰው በግ ነው። የመንዝ በግ ቁመናው ትንሽ ቢሆንም ብርዱንና የሳሳውን ግጦሽ ይችላል፤ ጠጉሩም ጥቅጥቅ ያለ ነው።

ተመራማሪዎች የዚህን በግ ዋጋ ያውቃሉ። በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የበግ ማራቢያ ማዕከሎች ከእስራኤል የመጣውን አዋሲ በግ ከመንዙ ጋር አዳቅለዋል። ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ገበሬው ራሱ የሚመራው የእርባታ ዘዴ በመንዝ ተሞክሯል፤ መንደሩ ፈጥኖ የሚያድገውን አውራ በግ ይመርጣል፣ በጋራም ይጠቀምበታል። ይህን ሥራ የሚያደናቅፈው ነገር የታወቀ ነው፦ ጥሩው አውራ ሳያስወልድ ይሸጣል። ፈጥኖ ያደገው ፈጥኖ ገበያ ይወጣል፣ ለዘር የሚቀረው ደካማው ይሆናል። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ልጁ በሳንባ ምች ታማ ስታቃስት በቤቱ ካለው ንብረት ሁሉ ቶሎ ብር የሚሆነው ያ በግ ስለሆነ ነው። የሚቀጥለው ሕመም ሲመጣ ለገበያ የምትቀርበው እናቲቱ በግ ናት። እናቲቱ ከሄደች በኋላ መንጋ የለም፤ ያ ቤተሰብ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው የሴፍቲኔቱን ስንዴ ነው። የግብርና ባለሙያው ለዓመታት የለፋበት ሥራ የሚፈርሰው በመኖ እጥረት ብቻ ሳይሆን በመድኃኒት እጥረትም ጭምር ነው።

ድሮ በጉ ከቤት ሳይወጣ ገንዘብ የሚያመጣበት መንገድ ነበረው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል፤ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ሆኖ ገበያ ይወጣል። በጉ ግን እዚያው ደጃፍ ላይ ነው፤ ለከርሞም ጠጉር ያበቅላል። ርካሹ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ከወረሰው ወዲህ ይህ ሙያ እየከሳ ነው። ሙያው ከሳ ማለት ጌጥ ቀረ ማለት ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ከብቱን ሳይነካ ብር የሚያገኝበት አንድ በር ተዘጋ ማለት ነው። ባህል ይጠበቅ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየን የበዓል ልብስና ዘፈን ነው፤ በመንዝ ግን የፈትሉና የሽመናው ነገር የኑሮ ጉዳይ ሆኖ መታየት ይገባዋል።

ፍርዴ እንዳይጎድል የተሠራውንም ልናገር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች መድቦ፣ ክትባትንና የቤተሰብ ዕቅድን እስከ ጎጆው ድረስ አድርሷል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። በመርሐቤቴም ካርልሃይንዝ በም የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሠርቷል፤ የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል የዚያ ድካም ፍሬ ነው።

እነዚህ ለውጦች ሥር የያዙት ባህሉን አክብረው በገቡበት ቦታ መሆኑ መታወስ አለበት። እናቶች ለብዙ ዘመን ጤና ጣቢያ ሄደው ለመውለድ እንቢ ያሉት አላዋቂ ስለሆኑ አልነበረም። ቤት ውስጥ ስትወልድ ጎረቤት «ማርያም ማርያም» እያለ ይለምንላታል፣ ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፣ መሐሉ ቅቤ የቀለጠበት ገንፎ ይቀርብላታል። ጤና ጣቢያው ግን ቀዝቃዛ አልጋና የማታውቃቸው ሰዎች ብቻ ነበሩት። በአገሪቱ ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ፣ ገንፎው እዚያው መገንፋት ሲጀምር፣ ቡናው ሲፈላና የቅርብ ሰው አብሮ ይግባ ሲባል እናቶቹ መጡ። በጸበልም ነገር እንዲሁ ሆኗል። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ ከሁለት አንዱን ምረጡ ተብሎ የተጨነቀ ብዙ ሕመምተኛ ተንፍሷል። ከባህሉ መተው ያለበትም አለ። እንጥል ማስቆረጥና ያለ ዕድሜ መዳር ሰው ጎድተዋል፣ ሊቀሩም ይገባል። እነሱም ቢሆኑ የሚቀሩት ካህኑና የመንደሩ ሽማግሌ አብረው ሲቆሙ ነው።

የጤና መድኑ ግን ይህን ትምህርት ገና አልተማረም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ በአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ተመርጠው ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፣ መክፈል ለማይችለው ምስኪን መንግሥት ይከፍልለታል፣ የታመመ ሁሉ ደብተሩን ይዞ በነጻ ይታከማል። በተሠራበት ቦታ ብዙ ሰው ሳይዘገይ መታከም ጀምሯል። ችግሩ ያለው ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ታማሚው ካርድ አውጥቶ፣ ተመርምሮ፣ ወረቀቱን በመስኮቱ ያስገባል። ባለሙያዋ ወረቀቱን ታያለች፣ አንዱን መድኃኒት በእስክሪብቶ ታከብባለች፣ «ይህ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ትላለች። እሷ ላይ ፍርድ የለኝም፤ መደርደሪያዋ ባዶ ነው። ገበሬው ግን መዋጮውን ከፍሏል፤ አሁን ደግሞ በግ ሊሸጥ ነው። ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። በሚመጣው ዓመት መዋጮ ሰብሳቢው ደጁ ሲደርስ የሚመልስለትን መልስ መገመት አይከብድም።

መደርደሪያው ባዶ የሆነበት ምክንያት ከዘመሮ ርቆ ይጀምራል። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል፤ ደሃ ገበሬ የሚያዋጣው ገንዘብ ግን በዚያ ፍጥነት ሊያድግ አይችልም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታውን ሲያቋርጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋርጧል። በዚያው ዓመት በግንቦት የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ ማቆማቸውን አይተናል፤ ሌሊት አዋላጅ ሆና የምታድር ነርስ ልጆቿን የምታበላው ስታጣ ዝም በይ ልትባል አይገባም። በዚህ ሁሉ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሚነደው ጦርነት አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2016 ባወጣው ዘገባ በክልሉ በሐኪሞች፣ በሕመምተኞችና በአምቡላንሶች ላይ የደረሰውን ጥቃት ዘርዝሯል። መንገድ በተዘጋ ቀን ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነው የምትሄደው፤ መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ያቺን ቃሬዛና ያንን አምቡላንስ ያሳልፍ። ይህ ፖለቲካ ሳይሆን የሰውነት ግዴታ ነው።

ስለ ምንዛሬውና ስለ ጦርነቱ ወረዳው ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነው። መዋጮው እንዴት እንደሚያዝና ማን እንደሚጠየቅበት ግን በእጁ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምሳሌው እዚያው አገር ውስጥ አለ። እድርን እንመልከት። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሳይውል ሳያድር ይተከላል፣ እንጀራውና ንፍሮው ከየቤቱ ይመጣል፣ መቃብር የሚቆፍረው ይታወቃል፣ የቀረ ይቀጣል። መዋጮው ጥቂት ነው፣ መዝገቡም ደብተር ነው። እድር የማይከዳው ዳኛውም ገንዘብ ያዡም በስም ስለሚታወቁ ነው፤ ገንዘብ ቢጎድል በስብሰባው ተነስቶ የሚጠይቅ አባል አለ። የጤና መድኑ ገንዘብ ግን ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ የት እንደገባ፣ ስንት እንደተሰበሰበ፣ ለየትኛው መድኃኒት እንደዋለ ከፋዩ አይሰማም።

መንዝ የጋራ ሀብትን በጋራ ሕግ ለማስተዳደር እንግዳ አይደለም። የጓሳን የጋራ ሣር መሬት ለዘመናት ያቆየው ቀሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ፣ ሲደርስ በሥርዓት ይታጨዳል፣ ከለላውን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የአቅኚ አባቶች ወራሾች ከያዙት ኃላፊነት ሲነሱና ቀሮው ሲፈርስ ጓሳው ባለቤት አጣ፣ ተጎዳም። ያገገመው ጥበቃው በዙሪያው ላሉ ቀበሌዎች ሕዝብ ኮሚቴ ሲመለስ ነው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት ያ ሣር ምስክር ነው፦ ሕዝቡ የሚቆጣጠረው የጋራ ሀብት ይኖራል፣ ከእጁ የወጣው ይባክናል።

አንዳንድ ሰው «እድር ትንሽ ነው፣ የቀዶ ሕክምና ወጪ አይችልም» ይለኛል። እውነት ነው። ገንዘቡ በወረዳ ሳይሆን በዞንና በክልል ደረጃ ቢጠራቀም ይበልጥ ይጠነክራል፤ አንድ ወረዳ ውርጭ ሲመታው ሌላው ይሸፍነዋል። ገንዘቡ ሲሰፋ ግን ተጠያቂነቱ አብሮ መራቅ የለበትም። ገንዘቡ ክልል ይቀመጥ፣ ሒሳቡ ግን ቀበሌ ወርዶ ይነበብ።

ስለዚህ ጥያቄዎቼ ግልጽ ናቸው። አንደኛ፣ በየሩብ ዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍና በቀበሌ ስብሰባ የመድኑ ገቢና ወጪ ይነበብ፤ ጤና ጣቢያው ያለውንና የሌለውን መድኃኒት በሰሌዳ ይለጥፍ። በመድኑ ቦርድ ውስጥ የእድር ዳኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ድምፅ ይኑራቸው። ሁለተኛ፣ «ከውጭ ግዙ» የተባለ አባል ያወጣውን ደረሰኙን አይቶ መድኑ ይተካለት፤ ከዚያም የተሻለው ወረዳው ከአንድ መድኃኒት ቤት ጋር ውል ገብቶ አባሉ በደብተሩ ብቻ እንዲወስድ ማድረግ ነው። ይህ ሕግ ቢኖር ባዶ መደርደሪያ የሚጎዳው ታማሚውን ሳይሆን አስተዳዳሪውን ይሆናል፣ መደርደሪያውም ቶሎ ይሞላል። ሦስተኛ፣ መዋጮው በአንድ ጊዜ ዘመቻ አይሰብሰብ። ደጋው ብር የሚያየው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ በግ ሲሸጥ ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት በየጊዜው የሚከፈል ቢሆን ለመዋጮ ብሎ ጾም ላይ በግ በርካሽ የሚሸጥ አይኖርም።

የመጨረሻው ቃሌ አዲስ አበባና ውጭ አገር ላለን የአካባቢው ተወላጆች ነው። ለደብር ማሠሪያ ስንጠየቅ እጃችን አይታጠፍም፤ ጉልላቱም በቆርቆሮ አብርቷል። ያ ደግነት ለየጤና ጣቢያው ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ገንዘብ ቢደርስ፣ በእድሩ ዳኞች ቁጥጥር ሥር ቢውል፣ አንዲት እናት የበግ ገዢ ፍለጋ ሳትወጣ ልጇን ታስታምማለች። ለቅሶ መድረስን ከማንም በላይ እናውቅበታለን። ጎረቤት ሳይሞት መድረስንም እንደዚያው አጥብቀን እንያዘው፤ መንግሥትም ለገንዘባችን ያን ያህል ይጠየቅልን።