መሠረቱ የተጠገነ ቤት ይገዛልን?

ቤት መግዛት ለአብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ታላቅ ጉዳይ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ፊርማ ይወጣል። ስለዚህ ገዢ «የዚህ ቤት መሠረት ተሰንጥቆ ተጠግኗል» የሚል ቃል ሲሰማ ደንግጦ ቢሸሽ አይፈረድበትም። በእኔ አስተያየት ግን ሊሸሽ የሚገባው ከጥገናው ሳይሆን ምክንያቱ ካልታወቀ ጥገና ነው።

በመጀመሪያ መሠረት ለምን እንደሚጎዳ እንመልከት። በአዲስ አበባ በቦሌና በአካባቢው፣ እንዲሁም በብዙ የደጋ ሜዳዎች የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። በላዩ ያረፈው ቤትም አንዱ ማዕዘኑ ሲነሣ ሌላው ይሰምጣል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅና አልዘጋም የሚል በር የዚሁ ምልክቶች ናቸው። የጣራው ውኃ አሸንዳ አጥቶ ከግድግዳው ሥር ሲፈስ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

እንግዲህ ጥገናም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኖ ቀለም መቀባት ነው፤ ይህ ገዢን ማታለል እንጂ ቤትን ማዳን አይደለም። ሁለተኛው ከመሠረቱ ሥር በየተራ እየቆፈሩ እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ በኮንክሪት መደገፍ፣ ውኃውንም በቦይ ከቤቱ ማራቅ ነው። በኢጣልያ አገር የሚገኘው ዘንበል ያለው የፒሳ ግንብ ለዚህ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1173 ግንባታው የተጀመረው ይህ ግንብ በ1990 ለጎብኚዎች ተዘጋ። መሐንዲሶች ብዙ ካልሰመጠው ወገን ሥር አፈር በጥንቃቄ እያወጡ ዝንባሌውን ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ቀነሱለት፤ በ2001 እንደገና ተከፈተ። ግንቡን ያዳነው ልስን ሳይሆን የአፈሩን ጠባይ ማወቅ ነው።

«የተጠገነ ነገር እንደ አዲስ አይሆንም» የሚሉ አሉ። ነገር ግን በመረሬ ላይ በጥልቀት ሳይቆፈር የተሠራ አዲስ ቤት፣ ጉድለቱ ታውቆ በሚገባ ከተጠገነ አሮጌ ቤት ይልቅ ያሠጋል። የአንዱ ሕመም ታክሟል፤ የሌላው ገና አልታየም።

ስለሆነም ገዢ ቤቱ ለምን እንደተሰነጠቀ፣ ማንና መቼ እንደጠገነው ይጠይቅ። ጥገናው ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳያልፍበት ተፈትኗል አይባልም። መሐንዲስም ያሳይ፤ ለምርመራ የሚከፈለው ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም ስለሚል፣ የጥገናው ነገር በዚያው ውል ውስጥ ይስፈር።

ሻጭም ቢሆን እውነቱን በመናገሩ አይጎዳም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ዛሬ በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ በሚቀጥለው ክረምት አፍ አውጥቶ ይናገራል። ያን ጊዜ የሚፈርሰው ግድግዳው ብቻ ሳይሆን በሰዎች መካከል ያለው መተማመን ጭምር ነው።