ከሕግ ደጅ ውጭ ስለቀሩ የቤት ሠራተኞች፤ ለፌደራል ጠበቆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በፌደራል ፍርድ ቤቶች ለመከራከር ፈቃድ ላላቸው ጠበቆች በሙሉ፦

ይህ ደብዳቤ የሚጻፈው በአዲስ አበባ በሰው ቤት ተቀጥረው ስለሚያድሩ፣ እንዲሁም ወደ ቤሩትና ወደ ሪያድ ተሻግረው የድካማቸውን ዋጋ ሳይቀበሉ ስለተመለሱ የቤት ሠራተኞች ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከእርሱ በፊት እንደነበሩት እንደ 42/1985 እና እንደ 377/1996 ሁሉ፣ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ ማለትም ለትርፍ ሳይሆን ለአሠሪውና ለቤተሰቡ የሚሰጥ የጽዳት፣ የእንክብካቤ፣ የጥበቃና የመሳሰለውን ሥራ፣ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ያወጣዋል። የሥራውን ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንደሚወስን ሦስቱም አዋጆች ቢናገሩም፣ ከመጀመሪያው አዋጅ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሲሞላ ደንቡ አልወጣም ነበር። ይህን ያህል መዘግየት የአሠራር ጉድለት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ድምፅ እንደሌላቸው ታውቆ የተተወ ግዴታ ነው።

በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚቀረው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከቁጥር 2601 ጀምሮ ያሉት ጥቂት ድንጋጌዎች፣ ሠራተኛዋ በቤቱ የምትኖር እንደሆነ አሠሪው ለጤናዋና ለሞራሏ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዝዛሉ፤ የሥራ ሰዓትን ጣራ ግን በቁጥር አይወስኑም። ተገቢ የሚባለው ምን እንደሆነ የሚለየው በፍርድ ነው፤ ፍርድ የሚሰጠውም ክስ ሲቀርብና ክርክር ሲደረግ ነው። ለቤት ሠራተኛ ደግሞ ፍርድ ቤት መድረስ ራሱ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አዋጁ ለሚሸፍናቸው ሠራተኞች ክስ የዳኝነት ክፍያ የማይጠየቅ ሲሆን፣ የእርሷ ክስ ተራ የፍትሐ ብሔር ክስ በመሆኑ፣ በ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በደሃ ደንብ እንድትከስ ካልተፈቀደላት በስተቀር ትከፍላለች። ውሏ የቃል ነው፤ የሥራዋ ምስክሮችም ብዙውን ጊዜ የአሠሪዋ ቤተሰቦች ናቸው።

በሊባኖስ ያለው ሁኔታም ከዚህ ሥር የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአገሪቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ያገልላል፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም ከፋላ በሚባለው ሥርዓት፣ ማለትም በአሠሪው ዋስትና፣ ከአንድ ሰው ፈቃድ ጋር ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ብዙ ኢትዮጵያውያት ደመወዝ ሳይከፈላቸው በቤሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው ታይተዋል። ያን ጊዜ በሊባኖስ ሕግ ላይ የተነሣው ቁጣ ትክክል ነበር፤ ይሁን እንጂ ያው ማግለል በአገር ቤት አዋጅ ውስጥ እንዳለ መካድ አይቻልም።

ለተመላሾች ግን በእጅ ያለ መሣሪያ አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ላኪውን ኤጀንሲ ከውጭው አሠሪ ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርጋል፤ ይህም ማለት ያልተከፈለ ደመወዝ ቤሩት ድረስ ሳይኬድ እዚሁ ከኤጀንሲው ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። በደላላ በኩል የወጡት ይህ መንገድ የላቸውም፤ በሕጋዊ መንገድ ሄደው መብታቸውን ሳያውቁ ዝም ያሉት ግን አላቸው።

የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሕግ አገልግሎት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር፤ የነጻ አገልግሎት ግዴታውም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ቀጥሏል። ጠበቆች ከዚህ ጊዜ ጥቂቱን ለቤት ሠራተኞችና ለተመላሾች እንዲሰጡ፣ በደሃ ደንብ የሚቀርበውን ማመልከቻ እንዲያዘጋጁላቸው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 መሠረት የጋራ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች ወክለው የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚወስነው ደንብ እንዲወጣ በፍርድ ቤትና በምክር ቤት እንዲጠይቁ፣ ይህ ደብዳቤ በሕሊናቸው ፊት በአክብሮት ይለምናል።