ለእናንተው ብለን ነው

ጉንፋን ሦስት ቀን ሶፋ ላይ አስተኝቶኝ ሰነበተ። ሰው ሲታመም የሚያምረው ድሮ የለመደው ነገር ነው፤ እኔም ልጄን «እስቲ ያንን የጠፈር ጣቢያውን ፊልም ክፈችልኝ» አልኳት። ስታር ትሬክ ዲፕ ስፔስ ናይን ማለቴ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ሲጀመር እኔ ከሱዳን ኦክላንድ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። «ቴሌቪዥን እይ፣ እንግሊዝኛው ይገባልሃል» ስለተባልኩ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ የማየው እሱን ነበር። እንግሊዝኛው በደንብ ሳይገባኝ፣ በ1999 ሰባት ዙር ሆኖ አለቀ። ዶክተር ባሽርን ሆኖ የሚተውነው ሰውዬ ሱዳን መወለዱን የሰማሁ ቀን ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። የካርቱምን ሻይ የቀመሰ ሰው ይረዳኛል።

እዚህ ቤይ ኤሪያ ይህ ተከታታይ ሲነሣ ሁሉም የሚጠቅሰው በጥር 1995 የተላለፈውን ባለሁለት ክፍል ታሪክ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ2024 ሥራና ቤት ያጡ ሰዎችን ለብቻ ከልላ ስታስቀምጥ ያሳያል። እውነተኛው 2024 ደርሶ በየድልድዩ ሥር ድንኳኑ ሲበዛ «ትንቢት ነበር» ተባለ። አልከራከርም። እኔን ያስቆመኝ ግን ማንም የማያነሣው፣ በኅዳር 1993 የተላለፈው የሁለተኛው ዙር አሥረኛ ክፍል ነው። ስሙ «ሳንክቹዌሪ» ነው፤ መማፀኛ እንበለው። ሳን ፍራንሲስኮም በ1989 ባወጣችው ሕግ የመማፀኛ ከተማ ነኝ ብላለች፤ ኦሪት ዘኍልቍን ያነበበ ቃሉን ያውቀዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባጆር የምትባለው ፕላኔት ከሃምሳ ዓመት ወረራ ገና መላቀቋ ነው፤ ሕዝቧ ተርቧል፣ መንግሥቷ አልጠናም። ከሩቁ የጠፈር ዳርቻ ስክሪያ የሚባሉ ገበሬዎች ይመጣሉ። ሴቶቻቸው ይመራሉ፣ ወንዶቻቸው ይከተላሉ፤ ቆዳቸው እየተቀረፈ በየሄዱበት ይረግፋል። መጀመሪያ አራት ነበሩ፤ ኋላ ከበስተጀርባቸው ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ እንዳለ ታወቀ። ትንቢታቸው ኬንታና የምትባል የኀዘን ምድር እንዳለች፣ እነሱም ሄደው የደስታ ዘር እንደሚዘሩባት ይናገራል። መሪያቸው ሀኒክ ባጆርን አይታ «ይህቺ ናት» ትላለች።

መጀመሪያ ላይ ማንም አይሰማቸውም። ሁሉን ቋንቋ የሚፈታው የጣቢያው መሣሪያ የነሱን አልፈታ ይላል፤ ገና ብዙ ቃል መስማት አለበት። በ1993 ይህን ሳይ ፊልሙን ማስረዘሚያ መስሎኝ ነበር። አሁን የአጥር ጎረቤቶቼ ከጓቲማላ የመጡ የማም ተናጋሪዎች ናቸው። ማም የማያ ቋንቋ ነው፤ ከስፓኒሽ ጋር ዝምድና የለውም። እዚህ ፍሩትቬል ብዙ ናቸው፤ አስተርጓሚ ሲጠራላቸው ግን የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነው። ሱዳን ሳለንም አንድ የሲዳማ ልጅ አብሮን ነበር። ለኢንተርቪው የአማርኛ አስተርጓሚ አቀረቡለት፤ ለሁሉም ጥያቄ «አዎ» ብሎ ወጣ። ኬዙ ውድቅ ሆነ።

የማም ጎረቤቴ ከአጥሯ ሥር በቆሎ ዘርታለች። ከሰገነቱ ደረጃ እስከ እግረኛ መንገዱ ያለው መሬት ስፋቱ ከአንድ አልጋ አይበልጥም፤ ነሐሴ ላይ ግን እሸቱ ከራሴ በላይ ይቆማል። አምና ሦስት እሸት በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ፤ እኔም ጎመን ሰጠኋት። ቃል አልተለዋወጥንም። ሰፈሩ ፍሩትቬል የተባለው ጥንት የቼሪ እርሻ ስለነበረበት ነው፤ ዛሬ ከአስፋልቱ የተረፈውን የምታርሰው እሷ ናት።

ሀኒክም የጠየቀችው ይህንኑ ነው። እኛ አሳይለምን «ጥገኝነት» ብለን የተረጎምነው ምን አስበን እንደሆነ እንጃ፤ ጥገኛ እኮ ሆድ ውስጥ የሚኖረውም ትል ነው። ሀኒክ ጥገኛ ልሁን አላለችም። ማንም የማይፈልገውን ጠፍ መሬት ስጡን፣ እናርሳለን፣ እናንተንም እናበላለን ነው ያለችው። የባጆር ሹማምንት መልስ ነው ክፍሉን ትልቅ ያደረገው። አይሳደቡም፣ አይቆጡም። አዝመራው ባይይዝላችሁ ስትራቡ ቆመን ማየት አንችልም፣ ያለንን ማካፈላችን አይቀርም፣ የሚካፈል ደግሞ የለንም ይላሉ። ርኅሩኆች ስለሆኑ በሩን ይዘጋሉ። ለም የሆነ ሌላ ፕላኔት ስላለ ለእናንተው የሚሻለው እሱ ነው ይሏቸዋል። ከወራሪ ጋር ስትዋጋ ያደገችው ባጆራዊቷ ኪራ እንኳ፣ የሀኒክ ወዳጅ የሆነችው ኪራ፣ ውሳኔው ልክ ነው ብላ አረፈች።

እንከን የለውም አልልም። የፊታቸው ሜካፕ የደረቀ ሊጥ ይመስላል፣ መሐሉ ይጎተታል፣ የሀኒክ ልጅ በመርከብ ወደ ባጆር ሮጦ የሚሞትበት መጨረሻም ጥድፊያ አለበት። የተረሳውም ለዚህ ይሆናል። ወይም የሚጠላ ሰው ስለሌለበት ይሆናል፤ ተመልካች አንድ የሚረግመው ሰው ካላገኘ ፊልም ያየ አይመስለውም።

በ1993 እኔ ሀኒክ ነበርኩ። ከሶፋዬ ተነሥቼ ቴሌቪዥኑን ሰድቤዋለሁ። ዘንድሮ ግን ሹማምንቱ ሲናገሩ ድምፁን የማውቀው መሰለኝ።

ባለፈው ወር እትዬ የምንላቸው አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ደውለውልኝ ነበር። በሜክሲኮ በኩል የገባ ልጅ አለ፣ ወርክ ፐርሚቱ አልደረሰለትም። «ልጄ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ አሳድረው» አሉኝ። እኔም ምን ብዬ መለስኩ? «እትዬ፣ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ደግሞ ሰፈሩ ለአዲስ ሰው ይከብዳል፣ ሥራ የሚያገኝበት ቦታ ቢሆን ለሱም ይሻለዋል።» ለሱም ይሻለዋል! እሳቸውም «ይሁን ልጄ፣ እግዜር ያክብርልኝ» ብለው ዘጉ። ልጄ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ክፍሏ ባዶ ነው። ታምሜ ባትመጣ ኖሮ ዘንድሮ አልጋው አንድ ቀን አይተኛበትም ነበር።

ክፍሉ እንዳለቀ ስልኬን አነሣሁ።

«ውይ፣ እሱማ ሄደ እኮ» አሉኝ እትዬ። «ሳን ሆዜ የጎንደር ልጆች ወሰዱት። ባለሁለት መኝታ ቤት ነው ያላቸው፤ በሱ ስድስት ሆኑ። ምነው ድምፅህ?»

«ጉንፋን ነው» አልኳቸው።

«ዝንጅብል ቀቅልና ማር ጨምረህ ጠጣ። ቁርጥ ያደርግልሃል።»